ጋሽ ሳቢ የሳቡት የመጨረሻ ገመድ

መርማሪዋ ስትደርስ ሬሳው ገና አልተነሳም ነበር።

ዊንቹ በረዥሙ የሣር ሜዳ አንድ ጫፍ ላይ ቆሟል። አሮጌ የጭነት መኪና ላይ የተተከለ ሞተር ነው፤ ከሞተሩ ኋላ በሽቦ መረብ የተከለለ ትልቅ የገመድ መጠቅለያ አለ። ሥራው አንድ ብቻ ነው። በሜዳው ወዲያኛው ጫፍ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ የተቀመጠውን ሞተር አልባ አውሮፕላን በቀጭን የብረት ገመድ ስቦ ወደ ሰማይ ያወጣዋል። አውሮፕላኑ ከፍታ ሲይዝ ገመዱን ይለቅና በንፋስ ይንሳፈፋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ሲሠሩ የኖሩት ሰው ስማቸው በሥራቸው ተውጦ «ጋሽ ሳቢ» ሆነው ቀርተዋል። አሁን መጠቅለያው ሥር በጎናቸው ተጋድመዋል፤ የአንገት ሻርፓቸው ጫፍ በመጠቅለያው ዘንግ ላይ ተጠምጥሟል።

ሜዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሴት ልጃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ሲያስነሱ ሻርፓቸው በሚሽከረከረው ዘንግ ተያዘና አነቃቸው። አለቀ።

መርማሪዋ ጎንበስ አለች። ማዘን እንዳለባት ታውቃለች። ግን እህቷን ከቀበረች ገና አሥራ ሁለት ቀኗ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ደረቷ እንደተኛ እግር ሆኗል፣ ቢቆነጥጡት አይሰማውም። አለቃዋ ዕረፍት ውሰጂ ቢሏት እምቢ ያለችው ቤት ተቀምጦ አለመሰማት ሥራ ላይ ሆኖ ካለመሰማት ስለሚከፋ ነው። ዓይኗ ግን አልተኛም። ደብተሯን አውጥታ ያየችውን ጻፈች።

ሻርፑ ዘንጉ ላይ የዞረው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ አልተቀደደም። ሞተሩ ጠፍቷል። ገመዱ እስከ ጫፉ ተጠቅልሎ ገብቷል። ጫፉ ላይ የምትታሰረው ትንሿ ፓራሹት፣ የተለቀቀው ገመድ መሬት ላይ እንዳይከሰከስ የምታደርገው፣ ገመዱ በሚገባባቸው ሁለት ተሽከርካሪ ሮለሮች መካከል ተሰንቅራ ተቀዳዳለች።

የሟች ታናሽ ወንድም የሜዳው መካኒክ ነው። የመሣሪያ ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። እጁ ከጸዳ ቆይቷል፤ እሱ ግን መጥረጉን አልተወም።

«ሻርፕ አድርገው ነበር የሚሠሩት?» አለችው።

«በጭራሽ!» አለ መካኒኩ። «ያ ጋቢናው በር ላይ ያለው ሚስማር ይታይዎታል? ሻርፑን እዚያ ሳይሰቅል እጀታ ነክቶ አያውቅም። የጋብቻ ቀለበት ያደረገ ሰው እንኳ ዊንቹ አጠገብ አያስደርስም ነበር። እኔን ገና በልጅነቴ ሰዓቴን አስወልቆኝ፣ ይኸው ዛሬም ሰዓት አላስርም። ስንት ሰዓት ነው ቢሉኝ ፀሐይ ነው የማየው።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ነካቸው?»

«እኔ እንጃ። የልጁ ቀን ነው። ልቡ ከሱ ጋር አልነበረም መሰለኝ።»

«ሞተሩን ማን አጠፋው?»

«ጠፍቶ ነው የተገኘው። እሱ እንኳ አያስገርምም፣ እትዬ። ይኼን ይዩ።» ከሞተሩ ኋላ የተገጠመ ወፍራም የብረት ጎማ አሳያት። «ፍላይዊል ነው። ከስድስት ሳምንት በፊት እኔ ነኝ ያስገባሁት። ንፋስ በመጣ በሄደ ቁጥር አሳሳቡ እንዳይንገጫገጭ ነው። እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይበሉት፤ አንዴ ከዞረ ማን ያቆመዋል? ዊንቹ ድሮ ነዳጅ ሲዘጉበት ቀጥ ይል ነበር። አሁን ሞተሩን አጥፍተውት እንኳ ከደቂቃ በላይ ይዞራል። ወንድሜ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቆሟል ብሎ ጎንበስ ብሎ ከሆነ…» አልጨረሰውም።

«ወንድምዎ ጎማውን ወደዱት?»

መካኒኩ ጨርቁን አጠፈ። «ተጣላን። ሦስት ቀን አልተነጋገርንም። 'የሠላሳ ዓመት እጄን ሰረቅከኝ' አለኝ። በኋላ ግን ለመደው። ግማሽ ላይ ሲደርስ ነዳጁን ይቀንስና ቀሪውን ጎማው ራሱ እንዲስበው ይተወዋል። ፍሬኑንም ቀደም ብሎ ነው የሚይዘው። ከኔ ይልቅ እሱ ወደደው።»

«መጠቅለያው ሲስብ ወዴት ነው የሚዞረው?»

መካኒኩ በጣቱ አየር ላይ ክብ ሠራላት። መርማሪዋ ደብተሯ ላይ ክቡን ሥላ ቀስት አደረገችበት። ከዚያ ሻርፑን ደግማ አየችና በአጠገቡ ሌላ ክብ ሣለች። ሁለቱ ቀስቶች ወደ ተለያየ አቅጣጫ ያመለክታሉ።

ሬሳውን ያገኘው ገመድ ጎታቹ ሾፌር ነው። ገመዱን ከዊንቹ በፒክአፕ እየጎተተ አውሮፕላኑ ወዳለበት መስመር የሚወስደው እሱ ነው። መኪናውን ተደግፎ ቆሟል፤ ከንፈሩ ደርቋል።

«ገመዱን ለመስመሩ አስረክቤ ነዳጅ ልቀዳ ወደ በርሜሎቹ ሄድኩ» አለ። «ስመለስ አውሮፕላኗ ሰማይ ላይ ናት። ገመዱን ለሚቀጥለው ልወስድ ዊንቹ ጋ መጣሁ። 'ጋሼ' ብዬ ጠራኋቸው። ዝም አሉ። ሁሌ አፋቸው ሥራ አይፈታም፣ ይሰድቡኝ ነበር።»

«በርሜሎቹ ጋ ያየህ ሰው አለ?»

«የለም።» ቀና ብሎ አያት። «እኔን ነው እንዴ የሚጠረጥሩት?»

«ሁሉንም ነው። ዊንች መንዳት ታውቃለህ?»

«እያስተማሩኝ ነበር፣ ከዚህ አዲሱ ጎማ ወዲህ። ሁለት ጊዜ አስይዘውኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ እጃቸውን ከእጄ ላይ አላነሱም። 'ከግማሽ በኋላ ነዳጁን ተወው፣ ጎማውን እመነው' ነው የሚሉኝ።»

አውሮፕላኑ የሚነሳበት መስመር ላይ የቆመችው የበረራ አስተማሪዋ ነበረች። ቀጥ ያለች፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። ከዊንቹ ጋር የሚነጋገሩት በመብራት ነው፤ የሰው ድምፅ አይደርስም፣ ሰውም ከዚያ ርቀት ነጥብ ነው።

«ዝግጁ ነን ለማለት መብራቱን አበራሁ» አለች። «ዝም። ደግሜ አበራሁ። በሦስተኛው ገመዱ ተሳበ። ጋሽ ሳቢን ሁለት ጊዜ ጠርቻቸው አላውቅም።»

«አሳሳቡስ?»

«ልጅቷ ወደ ላይ ስትደርስ የሞተሩ ድምፅ ሲቀንስ ሰምቻለሁ። ነዳጁ ተዘግቷል። እሷ ግን ፍጥነቷ አልቀነሰም። ደነገጥኩ።»

«ከጋሽ ሳቢ ጋር የተጣላ ሰው ነበር?»

አስተማሪዋ ወደ ሃንጋሩ ተመለከተች፤ መልሳ ወደ ጫማዋ። «ይኼን ከኔ አልሰሙም» ብላ ጀመረች። ከሁለት ወር በፊት የበረራ ማኅበሩ ሰብሳቢ ከእሷ ጋር ሁለት ሰው በሚይዘው አውሮፕላን ላይ ሳሉ በድንገት ዓይናቸው ጨለመ። መሪውን ተቀብላ አሳረፈች። ለሐኪም ሲነገር ፈቃዳቸው እንደሚነጠቅ ስለምታውቅ አፍራ ዝም አለች፤ ሰብሳቢውም ዕረፍት ወጡ። ክንፉ ሲያዘነብል ከመሬት ያዩት ጋሽ ሳቢ ግን ዝም የሚሉ ሰው አልነበሩም። «የሐኪም ወረቀት ሳያመጣ በኔ ገመድ አይወጣም ብለዋል። ዛሬ ሰብሳቢው የተመለሱበት የመጀመሪያ ቀን ነው።»

ልጅቷ በማኅበሩ ወጥ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ እጇን ዘርግታ ተቀምጣለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። የበረራ ጓንቷን አላወለቀችም። ፊቷ ላይ ምንም የለም፤ መርማሪዋ ያንን ፊት ከመስታወቷ ታውቀዋለች።

«ጠዋት ተጣልተን ነበር» አለች ልጅቷ፣ ሳትጠየቅ። «'ትንሽ ቆዪ፣ ንፋሱ ይረፍ' አለኝ። እኔ ደግሞ 'አንተ መሬት ላይ ቀርተህ እኔንም ልታስቀረኝ ነው' አልኩት። አባዬ በረራ ተምሮ አያውቅም። ሠላሳ ዓመት ሰው ሲያወጣ እሱ አልወጣም። ዝም ብሎኝ ወደ ዊንቹ ሄደ።»

«ከዚያስ?»

«ሌላ ጊዜ ሲስበኝ ሕፃን እንደሚያነሳ ሰው ነው። ዛሬ ግን ፈጠነብኝ። ፈጥኗል ለማለት የአውሮፕላኗን ጅራት ግራና ቀኝ ማወዛወዝ ነው፤ አወዛወዝኩ። አልቀነሰልኝም። ተቆጥቶ ነው ብዬ ገመዱን ቀድሜ ለቀቅኩት።» ጣቶቿን አየች። «በኔ ንዴት ነው ሻርፑን ሳይሰቅል የተቀመጠው። እኔ ነኝ የገደልኩት፣ አይደል? ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አይለኝም።»

«አላውቅም፣ ልጄ» አለች መርማሪዋ። «እስከ ነገ ጊዜ ስጪኝ።»

የሰብሳቢው ቢሮ ሃንጋሩ ውስጥ ነው፤ የተወለወለ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የወጣትነት ፎቶግራፎች፣ ሁሉም ከሰማይ የተነሱ። ሰብሳቢው ጸጉራቸው የሸበተ፣ ትከሻቸው ያልጎበጠ ሰው ናቸው። ወንበር ስበው አስቀመጧት።

«ወንድሜ ማለት ነበር» አሉ። «ቤተሰቡን በምን ዓይኔ እንደማይ አላውቅም።»

«ዛሬ ጠዋት ዊንቹ ጋ ሄደው ነበር?»

«እግሬንም አላነሳሁ። ከመኪናዬ ቀጥታ ወደዚህ ነው የገባሁት። ሁለት ወር የተከመረ ወረቀት ነበረብኝ። ጩኸት ሲሰማ ከሰው ጋር ሮጥኩ።»

«ዊንች ያውቃሉ?»

ሰብሳቢው ፈገግ ሊሉ ሞከሩ። «በጉብዝናዬ ጊዜ በዚያ ዊንች ያላስነሳሁት የለም። ከጋሽ ሳቢ ጋር እየተቀያየርን ነበር። አሁንማ ዓመታት አለፉት።»

መርማሪዋ አመስግና ተነሳች። በሩ ላይ ስትደርስ ድምፃቸው ተከተላት።

«አንድ ምክር ልስጥዎት? ፍሬኑን ያስመርምሩ። ያ ፍሬን ጨርሶ አይዝም። ዛሬ ጋሽ ሳቢን ነው፣ ነገ ሌላ ሰው ይገድላል።»

«አስመረምራለሁ» አለች መርማሪዋ።

ቃሏን ጠበቀች። ሬሳው ከተነሳ በኋላ መካኒኩ ሞተሩን አስነሥቶ መጠቅለያውን አዞረና ፍሬኑን ያዘ። መጠቅለያው እያቃሰተ፣ ጊዜውን ወስዶ ቆመ። «የፍሬን ሸራው ባለፈው ወር ነው የተቀየረው» አለ መካኒኩ፣ ትንሽ ቅር ብሎት። «ለዚህ ጎማ ቀደም ብሎ መያዝ ነው እንጂ ፍሬኑ ምንም አልሆነ። ማን ነው አይዝም ያለው?»

በማግስቱ ጠዋት የሐኪሙ ወረቀት መጣ። መርማሪዋ ቆማ አነበበችውና ሁሉንም ሃንጋሩ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አውሮፕላኖቹ ክንፋቸው ተነቅሎ ተደርድረዋል፤ መካኒኩ፣ ሾፌሩ፣ አስተማሪዋና ሰብሳቢው ባገኙት ሣጥንና ወንበር ላይ ተቀመጡ። ልጅቷ ከአጎቷ አጠገብ ቆመች፤ ተቀመጪ ቢሏትም አልሰማችም። በሩ ላይ አንድ ፖሊስ አለ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው» አለች መርማሪዋ። ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። «ከሻርፑ ልጀምር። ጋሽ ሳቢ ሻርፓቸውን ሳይሰቅሉ እጀታ አይዙም። ትናንት ግን ረሱ እንበል። ሞተሩን አጥፍተው ጎንበስ አሉ፤ ጎማው ገና እየዞረ ስለነበር ያዛቸው እንበል። ያን ያህል የከበደ ነገር በደቂቃ ስንት ጊዜ ይዞራል?»

«በትንሹ መቶ ምናምን» አለ መካኒኩ።

«ሻርፑ የዞረው ሦስት ጊዜ ነው። አንዲት ክር አልተበጠሰችም። በዚያ ላይ የዞረው መጠቅለያው ሲስብ በሚሄድበት አቅጣጫ አይደለም። በተቃራኒው ነው።»

ሾፌሩ ቀና አለ። «በተቃራኒው የሚዞረው እኮ እኔ ገመዱን ስጎትት ብቻ ነው!»

«አዎ። አንተ ደግሞ ያን ጊዜ ገመድ አልጎተትክም፤ ገመዱ እስከ ጫፉ ገብቶ ነበር። ቀደም ብለህ ስትጎትት ተይዘው ቢሆን ኖሮ፣ ከዚያ በኋላ ልጅቷን የሳበው መጠቅለያ ሻርፑን መልሶ ይፈታው ነበር። ስለዚህ ሻርፑን የጠመጠመው መኪና አይደለም፣ ሞተርም አይደለም። ሰው ነው፤ መጠቅለያውን በእጁ እያዞረ።»

መካኒኩ፣ ለራሱ ያህል፣ «ለምን በተቃራኒው?» አለ።

«ምርጫ ስላልነበረው። ፓራሹቷ ሮለሮቹ መካከል ተሰንቅራ ነበር። መጠቅለያው ወደ ፊት አልሄድ አለው፤ የሚሄደው ወደ ኋላ ብቻ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ሐኪሙም ይህንኑ ጽፏል። ጋሽ ሳቢ የሞቱት ጭንቅላታቸው ከኋላ ከብረት ጋር ተላትሞ ነው። ሻርፑ አንገታቸው ላይ የጠበቀው ከሞቱ በኋላ ነው።»

ልጅቷ አጎቷን ክንዱን ያዘችው።

«አሁን አንድ ጥያቄ ይቀራል» አለች መርማሪዋ። «ጋሽ ሳቢ ፓራሹት ሮለር ውስጥ አስገብተው ያውቃሉ?»

«በሕይወቱ!» አለ መካኒኩ።

«ትናንት ግን ገብታለች። መብራቱ ሦስት ጊዜ መብራት ነበረበት። ነዳጁ ተዘግቶም ፍጥነቱ አልበረደም። ይህን ሁሉ አንድ ላይ ሳደርገው የሚነግረኝ አንድ ነገር ነው። ያን ጊዜ እጀታውን የያዙት ጋሽ ሳቢ አይደሉም። ቀድመው ሞተዋል። ገዳዩ ጋቢናው ውስጥ ተቀምጦ ነው ልጅቷን ያስነሳት። ነዳጁን እስከ መጨረሻው ይዞ ሲዘጋው ቀጥ ይላል ብሎ ጠበቀ፤ ድሮ እንደዚያ ነበራ! እንዲህ የሚሳሳተው ዊንቹን በደንብ የሚያውቅ፣ ጎማ እንደተጨመረበት ግን ያልሰማ ሰው ነው። መካኒኩ ጎማውን የገጠመው ራሱ ነው። ሾፌሩ ከጎማው በፊት ያለውን ዊንች ነክቶት አያውቅም፤ የተማረው ነዳጁን ግማሽ ላይ መተው ነው። አስተማሪዋ ያን ጊዜ ከልጅቷ አጠገብ ቆማ ነበር።»

ሰብሳቢው እግራቸውን አነባበሩ። «ይህ ግምት ነው፣ ወይዘሮ። አሮጌውን ዊንች የሚያውቅ ሰው በየከተማው አለ።»

«እውነትዎን ነው። እኔም የማስረው በግምት አይደለም። ትናንት ፍሬኑ አይዝም አሉኝ። ሁለት ወር እዚህ አልነበሩም። ዊንቹ ጋ እግሬንም አላነሳሁ ብለዋል። ፍሬኑ ደግሞ ደህና ነው፤ አስመርምሬዋለሁ። ታዲያ አይዝም የሚለውን ከማን ሰሙ?»

ሰብሳቢው አፋቸውን ከፈቱ። ከመርማሪዋ ወደ መካኒኩ፣ ከመካኒኩ ወደ መርማሪዋ አዩ። ፊታቸው ላይ የነበረው ፍርሃት አይመስልም፤ ግራ መጋባት ነበር።

«ግን እኮ ይዤዋለሁ» አሉ። «አልቆመም። ፍሬኑን ይዤዋለሁ፣ አልቆመም።»

ያን ጊዜ ነው ያሉትን የሰሙት። ትከሻቸው ወረደ። ፖሊሱ ከበሩ አንድ እርምጃ ገባ።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ ጥያቄ አልፈለገም። ዊንቹ ጋ የሄዱት ሊለምኑ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ አውጣኝ፣ ሐኪም ቤት ከመግባቴ በፊት አንድ ጊዜ፣ አሏቸው። ጋሽ ሳቢ ሳቁባቸው፤ «መሬት ምን አለው? እኔ ሠላሳ ዓመት ኖርኩበት» አሏቸው።

«ገፋሁት እንጂ አልመታሁትም» አሉ ሰብሳቢው። «የጋቢናው መወጣጫ ብረት ነው። ወደቀ፤ ቀረ። ቆሜ ሳየው ያ መብራት በራ። ደግሞ በራ። ካልተሳበ ሊያዩ ይመጣሉ። ሻርፑ ሚስማሩ ላይ ነበር…»

መካኒኩ ተነስቶ ወደሳቸው አንድ እርምጃ ሄደና ቆመ። የሚያደርገው ነገር እንደጠፋው ሰው እጁን ቱታው ላይ ጠረገ። አስተማሪዋ ፊቷን ሸፍናለች። ፖሊሱ ሰብሳቢውን ሲያወጣቸው የተሰማው የእግር ኮቴ ብቻ ነበር።

መርማሪዋ ልጅቷ አጠገብ መጣች። ሲጠየቅ ያደረ ጥያቄ ነበረና መልሱን በአፏ ልትነግራት ፈለገች።

«አንቺ አይደለሽም፣ ልጄ» አለቻት። «ሻርፑን አልረሱም። ተቆጥተውም አልሳቡሽም። መብራቱ ሲበራ አርፈው ነበር።»

ልጅቷ ፊቷን ወደ ሜዳው አዞረች።

«ስወጣ አላየኝም ማለት ነው» አለች።

«አላዩሽም።»

«ሌሊቱን ሙሉ፣ ተቆጥቶም ቢሆን ያወጣኝ እሱ ነው እያልኩ ነው ያደርኩት። ያንን ይዤ ነው ያነጋሁት።» ድምፅዋ እንደ ትናንቱ ነው፣ ምንም የለበትም። «እኔ አይደለሁም ማለት ነው።»

«አይደለሽም።»

«እሱም አይደለም ማለት ነው።»

ልጅቷ የአጎቷን ክንድ ለቀቀችና በተከፈተው በር በኩል ወደ ሜዳው ወጣች፤ አጎቷም ትንሽ ራቅ ብሎ ተከተላት።